ጥቁር ወረቀት ላይ የወጣው ፊቴ

ይቺ የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ሥራዋ የሰው ፊት መሳል ነው። ሰዎች ፎቷቸውን በስልክ ይልኩላታል። እሷ በእስክሪብቶና በቀለም ማርከር በእጇ ትስለውና ፎቶ አንስታ ትመልስላቸዋለች፤ እነሱ ፕሮፋይላቸው ላይ ያደርጉታል። ማርከሩን ከመጀመሯ በፊት ትንጠዋለች። ውስጡ ያለችው ኳስ ቀጭ ቀጭ ስትል ነው ቤት መኖሯን የማውቀው።

አንድ ቀን "የሰው ሁሉ ስትስዪ የኔንስ?" አልኳት። ጣጣው በዚህ መጣ።

መስኮቱ ጋ አስቀመጠችኝና ጥቁር ወረቀት አወጣች።

"ለምን ጥቁር?"

"ሽበትሽ ነጭ ላይ አይታይማ እማዬ።"

እውነቷን ነው። ፀጉሬን በነጭ ማርከር ቀጠን ቀጠን አድርጋ ጎተተችው፣ ነጠላዬን ሳለች፣ የግንባሬን መስመር ሳለች፣ ዓይኔን መጨረሻ ላይ አደረገችው። ሳየው ደስ አለኝ። ፕሮፋይሏ ላይ አወጣችውና ተኛን። እሷም አላሰበችው፣ እኔም አላሰብኩት።

ጠዋት በር ተንኳኳ። የእድራችን ሴት ናት፣ ጎረቤቴ። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች። ስታየኝ እጇ አፏ ላይ ቀረ።

"እማማ፣ አሉ እንዴ?"

"አለሁ። ማን ሞቶ ነው?"

ደፉ ላይ ቁጭ አለች። እዚያው ሆና ነገረችኝ። አስኮ የምትኖረው የታላቅ እህቴ ልጅ ደውሎላት ኖሯል። የልጅ ልጄን ፕሮፋይል አይቶ ነው። ጥቁር ላይ የአሮጊት ፊት ሲወጣ እኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ማንም አያጣውም። "እናቴን ልናረዳት ሽማግሌ ይዘናል፣ ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?" ብሏታል።

"ታዲያ እኔ ቤት አይደውልም?"

"ለቅሶ ቤት ተደውሎ 'ሞተች ወይ' ይባላል እንዴ እማማ?"

እሱስ አይባልም።

እህቴ ደም ግፊት አለባት። ወንድማችን የሞተ ጊዜ መርዶውን ስትሰማ ወድቃ አፏ ተጣሞ ነበር። ሐኪሙም ሁለተኛ እንዲህ ያለ ድንጋጤ እንዳይነካት ብሎናል። ከእናቴ ልጆች የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት።

ደወልን። ስልኳ ዝግ ነው። መርዶ የሚነገረው ሰው ስልኩ ይደበቃል፣ ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳያረዳው። ልጇም አያነሳም። የልጅ ልጄ ሥዕሉን ከፕሮፋይሏ ታጠፋለች።

"አሁን ብታጠፊው ምን ይሆናል? ጫማሽን አድርጊ" አልኳት።

18 ማዞሪያ ላይ ኮንትራት ታክሲ ያዝን። መንገዱ በመኪና ተጨናንቋል። ሹፌሩ በመስታወት አየኝና "ለቅሶ ነው እንዴ እማማ?" አለኝ።

"እንዳይሆን ነው የምንሄደው።"

ታጥፎ በውስጥ ለውስጥ፣ በኮብልስቶኑ ነዳው።

እኔ የማስበው ቁርሱን ነው። ሰው ባዶ ሆዱን መርዶ አይነገረውም፣ መጀመሪያ እህል ያቀምሱታል። እህቴ ደግሞ ጠዋት እህል አይገባላትም፣ ከልጅነቷ ጀምሮ እናታችንን ስታስለቅስ የኖረች ናት። ዛሬም እምቢ አስብልልኝ ብዬ አምላኬን ለመንኩ። የበላች እንደሆነ አለቀ።

ስንደርስ ልጇ በር ላይ ቆሟል። ሲያየኝ አማተበና ግድግዳውን ተደገፈ።

"ነገራችኋት?"

ራሱን ነቀነቀ። አዎ ይበል አይ ይበል አልገባኝም። መጋረጃው ጋ ቆሜ አዳመጥኩ።

"አንዲት ጉርሻ ብቻ እትዬ፣ ስለኔ ብለው" ይላል አንዱ ሽማግሌ።

"አልበላም አልኩ እኮ። በጠዋት ተሰብስባችሁ ፍርፍር ብዪ የምትሉኝ ማን ሞቶብኝ ነው? ተናገሩ።"

ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዲህ የሰው ልጅ ሆኖ..." ብሎ ጀመረ።

መጋረጃውን ገለጥኩና እንደ ሌላው ቀን "እንደምን አደርሽ" ብዬ ገባሁ። ሽማግሌዎቹ ተነሱ፣ የአንዱ ከዘራ ወደቀ። እህቴ እኔን አየች፣ እነሱን አየች።

"አንቺንም ጠሩሽ? ማን ነው?"

"እኔ ነበርኩ አሉ። ተሳስተው ነው።"

አልሳቀችም። አጠገቧ አስቀመጠችኝና የእጄን አንጓ ያዘች፣ ጠበቅ አድርጋ፣ እንደ ሐኪም። ሽማግሌዎቹ ነገሩን እየተቀባበሉ ሲያስረዷት እንኳ አለቀቀችኝም። በሌላው እጇ ፍርፍሩን ጠቅልላ ወደ አፌ አመጣች።

"ብዪ። ስትሞቺ አድረሽ ይርብሻል።"

በላሁ። ከዚያ እሷም በላች፣ በጠዋት።

የልጅ ልጄ መጋረጃው ጋ ቆማ አልገባም ብላለች። እህቴ ጠራቻትና ሥዕሉን ስልክ ላይ አየችው። ብዙ ጊዜ አየችው።

"መልኳን አግኝተሻታል" አለች። "ዙሪያውን ቢጫ አድርጊልኝ።"

ቤት ስንገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ቢጫውን ማርከር አንስታ ናጠችው። ቀለሙ ወፍራም ነው፣ ጥቁሩን ይሸፍናል። ጨርሻለሁ ብላ ስታሳየኝ ጥጉ ላይ ትንሽ ጥቁር ቀርታለች።

"ያቺንም" አልኳት።