የልጆች ወገብና የእንጦጦ አቀበት

ሾላ ገበያ አጠገብ፣ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው ሱቁን ሲለቁልኝ ከካርቶን የተቆረጡ ልኮችም ትተውልኝ ነበር፤ ለየክፍሉ አንድ አንድ። የሦስተኛ ክፍል ልጅ ሱሪ በሦስተኛ ክፍል ካርቶን ይቆረጣል፣ አለቀ። ለብዙ ዓመት በዚሁ ስሠራ አንድም ቀን አፍሬ አላውቅም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን ለአንድ ትምህርት ቤት ከሰፋሁት ልብስ ግማሹ ተመለሰ። ሱሪው አጥሯል፣ ቀሚሱ ወገብ ላይ አልዘጋ ብሏል። መጀመሪያ ጨርቁ የተሰበሰበ መስሎኝ ነበር። ነገሩ የገባኝ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄጄ ልጆቹን አንድ በአንድ ስለካ ነው። ቁመታቸው ከካርቶኖቼ አራት ጣት ያህል ይበልጣል፤ ወገባቸውማ ከዚያም በላይ ነው። በቁመታቸው ደስ አለኝ። እኔ በእነሱ ዕድሜ የታላቅ ወንድሜን ሱሪ በገመድ አስሬ ነበር የምለብሰው። ካርቶኖቹን ጥዬ አዲስ ቆረጥኩ፣ ወገቡ ላይም ላስቲክ አስገባሁበት።

ሌላም ያስተዋልኩት ነገር አለ። ድሮ ለልክ የሚመጡ ልጆች ደረጃውን በሩጫ ወጥተው ወላጆቻቸውን ላይ ሆነው ይጠብቁ ነበር። አሁን ብዙዎቹ እያለከለኩ ይገቡና ዓይናቸው ወንበር ይፈልጋል። አልፈርድባቸውም። ጠዋት ሰርቪስ ከበር ይወስዳቸዋል፣ ከሰዓት በኋላ በር ላይ ያወርዳቸዋል። እኛ ኳስ የተጫወትንበት ሜዳ ላይ ደግሞ ፎቅ ቆሟል።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ የገዛ ልጄ ተራ ደረሰ። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እንደ ሁልጊዜው እኔ እለካለሁ፣ ባለቤቴ ወዲያ ጥግ ተቀምጣ የምጠራውን ቁጥር ትጽፋለች። ሱቁ በተማሪ ተሞልቶ ነበር። ሜትሩን ወገቧ ላይ ሳዞር ልጄ ሆዷን ሳብ አድርጋ ትንፋሿን ያዘች። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «አባዬ፣ ቁጥሩን ጮክ ብለህ አትጥራው» አለችኝ።

ስንቱ ልጅ እዚያው ቦታ ቆሞ ይህንኑ ሊለኝ ፈልጎ ዝም ብሎ ይሆን? ከዚያን ቀን ወዲህ ቁጥር አልጠራም፤ ራሴ ለክቼ ራሴ እጽፋለሁ።

ልጄን ግን ምን እንደምላት ቸገረኝ። ምግብ ቀንሺ ማለት አፌ እምቢ አለኝ፤ እናቷም እንዳትሞክረው ብላኛለች። በመጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ እንውጣ አልኳት። ለምን እንደሆነ ስለገባት ፊቷን አጨማደደች። የተነሳችው ስለ ኪሎ አንዲት ቃል እንዳልተነፍስ ካስማለችኝ በኋላ ነው።

ቤታችን የካ ሚካኤል አካባቢ ስለሆነ ከጓሯችን በሚነሳው አቀበት ጀመርን። ባሕር ዛፉ ውስጥ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳንሄድ ቀድሜ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ዕድሜዬን ሁሉ ስፌት መኪና ላይ ተቀምጬ ነው ያሳለፍኩት፤ ድንጋይ አግኝቼ ተቀመጥኩ። ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ በዕድሜ የገፉ ሴት አዩኝና፣ አይዞህ ልጄ፣ ቀስ እያልክ ውጣ ብለውኝ አለፉ። ልጄ ላቧን እየጠረገች ስታየኝ ቆየች።

«የአንተ ወገብ ስንት ነው?» አለችኝ።

ለክቼው እንደማላውቅ ነገርኳት። ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ እኔም ተከተልኳት።

በዚያ ቀን ከዚያ በላይ አልወጣንም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ሳልቀሰቅሳት ጫማዋን አጥልቃ ጠበቀችኝ። ስድስተኛው ይሁን ሰባተኛው ጉዟችን ላይ ጫፉ ላይ ደረስን። ትምህርት ቤቷን ከዚያ ሁሉ ጣሪያ መሐል ለይታ ካላየሁ አልወርድም ብላ ብዙ አቆየችኝ።

ወገቧ ያን ያህል አልተለወጠም። ቁመቷ ስለጨመረ የቀሚሷን ጠርዝ ፈትቼ አስረዝሜላታለሁ። ዓምና በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሆዴን አመመኝ እያለች ክፍል ትቀር የነበረችው ልጅ ግን አሁን መረብ ኳስ ትጫወታለች።

ባለፈው ቅዳሜ ሁለት የሰፈር ጓደኞቿ አብረውን መጡ። ግማሽ መንገድ ላይ ሦስቱም ጥለውኝ ሄዱ። ልጄ ከላይ ዞር ብላ እንጠብቅህ ወይ ስትለኝ፣ ሂዱ ብዬ በእጄ አሳየኋቸው። ጥላ ሥር ተቀምጬ፣ ሳቃቸው ሽቅብ እየራቀ ሲሄድ አዳመጥኩ።