«አትውረድ» ያለው ድምፅ

አቶ ሕሩይ በአትላንታ አየር ማረፊያ አቅም የሌላቸውን መንገደኞች በተሽከርካሪ ወንበር ይገፋሉ። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ከአውሮፕላን በር ላይ የሚቀበሉትን ሰው ሁሉ «ደህና ገቡ?» ይሉታል፤ መልሱንም ከልባቸው ይጠብቃሉ። እሳቸው ራሳቸው ግን ዲቪ ደርሷቸው፣ ዓይናቸውን ጨፍነውና ጆሯቸውን ደፍነው ከመጡ ወዲህ አንድም ቀን አልበረሩም። ምክንያቱን ልጃቸው ሚካኤላ ስትነግረኝ ማመን አቃተኝ። አንድ መጽሔት ነው!

ደሴ ተማሪ ሳሉ፣ አንድ እንግሊዛዊ መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ በካርቶን የታጨቀ መጽሔት ትቶላቸው ነበር። «ሜሪዲያን» ይባላል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ወረቀት በራሽን በሚታደልበት ጊዜ፣ ጥቂት ሰዎች ለንደን ውስጥ የጀመሩት የሳይንስ ልብ ወለድ መጽሔት ነው። ገና ማንም ከምድር ሳይርቅ በየወሩ ሰው ወደ ማርስ ይልኩ ነበር። ሁለቴ ባለቤት ለወጠ፣ እየሳሳ ሄደ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ማብቂያ ሞተ።

ካርቶኑ ውስጥ በነበረው የመጨረሻ እትም አንድ ተከታታይ ታሪክ ነበር። ብቻውን ከጠፈር የሚመለስ አብራሪ ምድርን በሬዲዮ ይጠራል። የሚመልስለት የራሱ ድምፅ ነው፦ «አትውረድ።» ከዚያ በታች «ይቀጥላል» ይላል። ቀጣዩ እትም ደሴ አልደረሰም። ሰውየው እዚያው ሰማይ ላይ ቀረ። አቶ ሕሩይም አውሮፕላን ሲወርድ ባዩ ቁጥር ያ ድምፅ ይሰማቸዋል።

ዘንድሮ ወንድ ልጃቸው ሄኖክ ሲያትል ሊያገባ ሆነ። ሚካኤላ፣ መጨረሻውን ካወቁ ይሳፈራሉ ብላ፣ ቀጣዩን እትም ኦንላይን ፈልጋ ገዛች። አትላንታ ዳር፣ ስኮትዴል ባለው አፓርታማቸው፣ ሶፋ ላይ አጠገባቸው ተቀምጣ አነበበችላቸው።

መጽሔቱ ሊዘጋ ስለነበር የቀረውን ታሪክ ሁሉ ግማሽ ገጽ ላይ አጭቀውት ኖሯል። ድምፁ የገደል ማሚቶ ነው፤ አብራሪው በሰላም ወረደ፤ ሚስቱ ሻይ አፍልታ ጠበቀችው።

«በቃ?» አሉ።

«በቃ። ምንም አልሆነም አባዬ።»

«ሻይ?»

«እንግሊዞች ናቸው እኮ!»

አልሳቁም። «ሚኪ፣ የገደል ማሚቶ አንቺ ያልሽውን ነው የሚመልስልሽ። አብራሪው መቼ ‹አትውረድ› አለ?»

ሚካኤላ ገጹን እንደገና አየችው። «ኦኬ፣ ዊርድ ነው፤ ግራ ያጋባል» አለች።

«ቸኩለው ነው የዘጉት። ‹አትውረድ› ያለው ግን አሁንም እዚያው ሰማይ ላይ አለ።»

«ታዲያ የልጅህን ሠርግ በቪዲዮ ልታይ ነው? ሲሪየስሊ?»

መጽሔቱን ከእጇ ወስደው ዘጉት። ከዚያ፣ «ቲኬቱን ቁረጪ» አሏት። «እስከ ዛሬ ጆሮዬን ደፍኜ ነው የፈራሁት። የሚለውን ልስማው።»

ሲያትል ሲደርሱ አውሮፕላኑ ደመና ውስጥ ገባ። መስኮቱ ነጭ ሆነ፤ ክንፉ እንኳ አልታይ አለ። ሚካኤላ እጃቸውን ያዘች። ልታጽናናቸው አፏን ስትከፍት ከራሳቸው በላይ ያለው ድምፅ ማጉያ ኮሽ አለ።

አባቷ ጣታቸውን ከንፈሯ ላይ አደረጉ።

«ዝም በይ» አሉ፤ «ሊናገር ነው።»

እሷም ወደ ድምፅ ማጉያው አንጋጣ አዳመጠች።