ጤፍ ያበቀለው ሬዲዮ

ሬዲዮ ጠጋኙን ሙላቴን ያየ ሁሉ እንቅልፋም ይለዋል። እኔ ልብስ ሰፊዋ ገነት ግን ከጎኑ በአንድ ቆርቆሮ ሥር ስሠራ ስንት ዓመቴ፤ ሰውዬው አይተኛም፣ ያዳምጣል። የተበላሸ ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀራል። ከጉና ተራራ የሚወርደው ጉም ደጃችን ገብቶ ሲያለብሰው እንኳ አይነቃም። «አንተ፣ ሰው ቆሟል» እያልኩ የምጮኸው እኔ ነኝ። ያበግነኛል። ብቻ እሱ የነካው ዕቃ ይናገራል፣ ምን ይደረግ።

በአንድ የክረምት ገበያ ቀን እማማ አሰለፈች የሚባሉ ሴትዮ ከጉና ግርጌ መጡ። ሬዲዮ በነጠላ ጠቅልለው አቅፈዋል። ሙላቴ ጀርባውን ሲፈታው እጁ ቀጥ አለ፤ እኔም ስፌቴን ትቼ ጎንበስ አልኩ። ውስጡ አረንጓዴ ነው። ፀጉር የመሰለ ቡቃያ ከሽቦው መሀል ቆሟል።

«ጤፍ ነው» አለ በቀስታ፣ ቢጮህ የሚጠፋበት ይመስል።

እማማ ጉዱን አወጡት። ባላቸው አያ ይሻው ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ጓደኛቸው ይኸው ሬዲዮ ነው። እማማ ቤቱን ጠበል ሲረጩ ለሬዲዮውም ደረሰው፤ ጨሰና ዝም። ውሃ የገባው ስልክ ሩዝ ውስጥ ቢቀበር ይድናል ሲባል ሰምተዋል። ሩዙ ያለው ፎገራ፣ እሳቸው ያሉት ደጋ። እንዳለ ጤፍ ጎታ ውስጥ ቀበሩት።

«ለባልዎ ምን አሏቸው?» አልኳቸው።

«መብራት ጠፍቷል አልኋቸው። በየቀኑ። ዓይናቸው አያይ፣ በምን ያውቃሉ?»

ሳቄ መጥቶ ነበር። እንባቸውን ሳይ ዋጥኩት።

«አሁንማ እህል አልቀምስ አሉኝ፣ ልጄ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው መተኛት ብቻ። በኔ ጦስ ሊሞቱብኝ ነው።»

ሙላቴ ያን ሳምንት ሌላ ሥራ አልነካም። ቡቃያውን በወረንጦ አንድ ባንድ ነቀለ፣ ፍሬውን በብሩሽ ጠረገ፣ የተቃጠለውን ቀየረ፤ የበሰበሰውን ድምፅ ማጉያ ከአሮጌ ሬዲዮ አውጥቶ ተካ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ፣ እኔም መርፌዬን እንደያዝኩ ፈዘዝኩ። ከዚያች ትንሽ ሣጥን ውስጥ አዝመራ ደርሶ፣ ነፋስ ወዲያ ወዲህ ሲያስተኛው የማይ መሰለኝ። የሙላቴ በሽታ ተጋባብኝ መሰል።

በሚቀጥለው ገበያ እማማ አያ ይሻውን በበቅሎ አመጧቸው፤ ደግፈን አወረድናቸው። አጥንታቸው ብቻ ቀርቷል። ሙላቴ ሶኬቱን ሰክቶ ቁልፉን አዞረ። በደጋው ዝናቡ እንደሚቀጥል የምትናገር ሴት ድምፅ ቤቱን ሞላው። እማማ ደረታቸውን ይዘው የባላቸውን ፊት ያያሉ። የአያ ይሻው ፊት ግን አልፈካም።

«ቀንሰው ልጄ» አሉ አያ ይሻው። እጃቸውን ዘርግተው ዳበሱ። «አሰለፈች፣ አለሽ?»

«አለሁ።»

«መብራት ጠፋ ካልሽኝ ወዲህ አንቺም ጠፋሽ። ምግቡን ታስቀምጫለሽ፣ ትወጫለሽ። ቃል የለም። የታወረ ሰው መጠበቅ ሰለቻት፣ ቶሎ ልገላግላት ብዬ ነው እህሉን የተውኩት።»

እማማ ከባላቸው ጎን ቁጭ አሉ። ስለ ጠበሉ፣ ስለ ጭሱ፣ ስለ ጎታው አንድም ሳያስቀሩ ነገሯቸው። «አጠገብዎ መቆም አፍሬ ነው እኮ» አሉ በመጨረሻ።

«አጠገቤ ሆነሽ ብትዋሺኝ ምን ነበር» አሉ አያ ይሻው።

ሙላቴ እጁን ሰዶ ሬዲዮውን ጭራሽ አጠፋው። አያ ይሻው የሚስታቸውን ጉልበት ፈልገው አገኙና፣

«ርቦኛል» አሉ።