ራልፍ ያልመለሰው ሰላምታ

ደክሞኛል። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ ያደረግሁትን ከደግነት የሚቆጥርልኝ እንዳይኖር።

ጎረቤቴ ራልፍ ትሬዚስ ሰባ አራት ዓመቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ስንዴ ሲያርስና በግ ሲያረባ የኖረ፣ ከሰው ጋር ብዙ የማያወራ፣ ለሚስቱ ግን የሚሞት ሰው ነው። ሚስቱ ኖሪን የመርሳት በሽታ ይዟት፣ ስልሳ ኪሎ ሜትር ርቆ ባለው ከተማ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ናት። ከራልፍ እጅ ካልሆነ አትጎርስም። ነርሶቹ ማንኪያ ሲያቀርቡላት ጥርሷን ትነክሳለች። ስለዚህ ራልፍ ክረምት ከበጋ ለምሳዋ ይነዳል። አውቶቡስ እንዳትሉኝ፤ በእኛ ደጅ የሚያልፈው የተማሪዎቹ ብቻ ነው።

ባለፈው አጨዳ ስትሮክ መታው። ከትልቁ ከተማ ከአደላይድ ሆስፒታል ሲመለስ እግሩም አንደበቱም ደህና ነበር። ሐኪሙ "አራት ሳምንት መሪ እንዳይነኩ፤ ከዚያ መጥተው ይመርመሩ" አለው። አራቱን ሳምንት ያመላለስኩት እኔ ነኝ። ባሌ የሞተብኝ፣ ጉልበቴ የሚያመኝ፣ በጎቼን የሚሸልትልኝ ያጣሁ ሴት ነኝ። ስለዚህ በሃያ ስምንተኛው ቀን ራልፍ "አበቃ!" ብሎ ቁልፉን ሲያነሳ፣ ስለ ምርመራው ትንፍሽ አላልኩም። አራት ሳምንት ማረፉ ብቻውን መንዳት እንደማያስፈቅድለት ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ሐሜቱ ጀመረ። በእኛ በአውስትራሊያ ገጠር መንገድ ከፊት ለፊት ለሚመጣ መኪና ሁሉ አንድ ጣት ከመሪው ላይ ማንሳት ግድ ነው፤ ዘመድ ሆነ ባዳ። ጣቱን ያላነሳ ሰው ከተሳደበ ይብሳል።

"ያ ሽማግሌ ምን ሆኖ ነው?" አለኝ ባሪ፣ ስንዴ የሚያመላልሰው የከባድ መኪና ሹፌር። "ሦስት ቀን ሙሉ ጣቴን ባነሳለት ከቁም ነገርም አልቆጠረኝ። ምን በደልኩት?"

"አጥሩን በመኪናህ የጣስክበትን ይዞብህ ይሆናላ።"

"አጥሩ እኮ ከተጠገነ ዘጠኝ ዓመቱ ነው!"

"ራልፍን አታውቀውም እንዴ? ቂሙን እንደ ዘር እህል ነው የሚያስቀምጠው።"

ተሳሳቅን። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

አንድ ሐሙስ መኪናዬ ተበላሽታ ከራልፍ ጋር ተሳፈርኩ። ባሪ ከፊት መጣ፤ ጣቱን አነሳ። የራልፍ ጣት ከመሪው አልተነሳም።

"ኧረ ተው፣ ለሰውዬው ሰላም በለው እንጂ!"

"ለማን?"

"ለባሪ ነዋ!"

"የታለ ባሪ?"

በእኛ አገር የሚነዳው በግራ ነውና፣ ያን የሚያህል መኪና በቀኛችን አልፎ አቧራው ገና አልበረደም። "አቁም!" አልኩትና ወርጄ በቀኙ፣ በእሱ መስኮት በኩል ቆምኩ። "ፊት ለፊትህን እያየህ፣ ስንት ጣት እንዳነሳሁ ንገረኝ።"

"የምን ጣት?"

በቀኙ በኩል ያለውን እንደማያይ ያኔ ለሁለታችንም ግልጽ ሆነልን። "አትናገሪብኝ፣ ግሌኒስ" አለኝ፤ ሲለምን ሰምቼው አላውቅም። "ኖሪን በረሃብ ትሞታለች።"

ብናገር መቶ ሃያው ኪሎ ሜትር በየቀኑ የማን ዕዳ እንደሚሆን አውቃለሁ። ሦስት ቀን ዝም አልኩ፤ ለኖሪን አዝኜ ብቻ አይደለም፣ ለራሴም ፈርቼ ነው። በአራተኛው ቀን የተማሪዎቹ አውቶቡስ ደጄ ላይ ቆሞ ልጆቹን ራልፍ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ሲያወርድ አየሁ። ገባሁና ለሐኪሙ ደወልኩ።

ሐኪሙ አስጠርቶ መረመረው። "ዓይንዎ ጤነኛ ነው" አለው። "የተጎዳው በቀኝ በኩል ያለውን የሚያሳይዎት የአንጎል ክፍል ነው። በዚህ ሁኔታ መንዳት አይፈቀድልዎትም።"

"እስከ መቼ?"

"የሚመለስ አይመስለኝም፣ ራልፍ።"

ራልፍ መንጃ ፈቃዱን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ማን እንደነገረበት አልጠየቀም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ መኪናዬን ከበሩ ፊት አቆምኩ። አልጠራኝም፣ እኔም እመጣለሁ አላልኩም። ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ቆሟል።

"እስክሞት ይቅር አልልሽም" አለኝ።

"አውቃለሁ። ግባ፣ ምሳዋ ይቀዘቅዛል።"

የኋላውን በር ከፍቶ እንደ ታክሲ ተሳፋሪ ከጀርባዬ ተቀመጠ፤ እኔም ነዳሁ።