ልጆቹ እነማን ናቸው?

በሳቫይኢ ደሴት፣ በቫይሶሎ መንደር አሳማ በጋለ ድንጋይ በስሎ ሲወጣ ቢላዋ የሚጨብጠው ሳይሊ ነው። ብልት ማወቅ ማንም ተነሥቶ የሚይዘው ሙያ አይደለም። ሽንጡ ለአለቃው፣ የኋላ እግሩ በአለቃው ፈንታ ለሚናገረው አፈ ጉባኤ፣ ጎድኑ ለቄሱ ቤት ነው። ጭንቅላቱ ደግሞ እሳት ዳር ሲለበለቡ የዋሉት ማዕረግ የሌላቸው ወንዶች ድርሻ ነው። አንዱ ብልት ወደማይገባው ምንጣፍ የሄደ እንደሆነ ሁለት ቤተ ዘመድ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ኩርፊያ ይጀምራል። ሳይሊ ተሳስቶ አያውቅም። ማን እንደ ማዕረጉ የትኛው ምሰሶ ሥር እንደተቀመጠ አንድ ጊዜ ዓይኑን ወርወር አድርጎ ያያል፤ ከዚያ በኋላ ቢላዋው መንገዱን ያውቃል።

ዕድሜው አርባን ተሻግሯል። የቤተ ዘመዱ አለቃ አጎቱ ቱይሎማ ናቸው፤ እሱ ግን ማዕረግ አልተሰጠውም። ጎደሬ ይተክላል፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ በስብሰባ ቀን በጓሮ በኩል እሳት ያነዳል። በዚህ የሚያፍር ሰው አልነበረም። ያገለገለ ይሾማል እየተባለ ነው ያደገው፤ እሱም አገለገለ።

እናቱ ሞኤላንጊ በስኳር በሽታ እግሯ በቆሰለ ጊዜ ሴቶች ልጆቿ ሁሉ ኒውዚላንድ ገብተው ነበርና ማጠቡም፣ ቁስል ማሰሩም፣ ማገላበጡም በሳይሊ ላይ ወደቀ። መጀመሪያ እፍረት ያዘው። እያደር ግን እጁ ለመደ። ቁስሉ ከትናንት መሻሉን ወይም መክፋቱን ገና ፋሻው ሳይፈታ በጠረኑ ለየ። ልታርፍ ሰሞን እጁን ይዛ፣ «ይኼ እጅ ለሞተ አሳማ ብቻ አልተፈጠረም» አለችው። ነገሩ ከልቡ አልወጣም። ከቀብሯ በኋላ የአውራጃው ሆስፒታል የነርስ ረዳቶችን ሊያሠለጥን ነው ሲባል ሰማ። ለቤተ ክርስቲያን የሚያገለድማትን ሽርጥ አገልድሞ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ሄደና ተመዘገበ።

ወሬው አጎቱ ጆሮ ሲደርስ በአለቆቹ ፊት አስጠሩት።

«ሲያረጁ አምባር ይዋጁ ማለት ይኼ ነው» አሉ ቱይሎማ። «ትናንት ጡት ከጣሉ ልጃገረዶች ጋር ተደርድረህ የማታውቀውን ሰው ገላ ልታጥብ? ደግሞስ አንተንና ትምህርትን ምን አገናኛችሁ? በትምህርት በኩል ዜሮ ነህ እኮ።»

አለቆቹ ሳቁ። ሳይሊ አቀርቅሮ ሰማ፤ ካልተጠየቀ በቀር በዚያ ቤት አፍ መክፈት ለእሱ አልተፈቀደም። በማግስቱ ግን አካሉ ከእንጨት በተሠራው የመንደሩ አውቶቡስ ላይ ተሳፍሮ ወደ ሆስፒታሉ ሄደ።

ሥልጠናው ከመጀመሩ በፊት የሒሳብ ፈተና ነበር። የሚያልፈው ጥያቄውን ሁሉ የመለሰ ብቻ ነው፤ በመድኃኒት ላይ ግማሽ ትክክል የሚባል ነገር የለም። ለወደቀ ክፍል እየገባ የሚዘጋጅበት አንድ ዕድል ይሰጠዋል፤ ሁለተኛ የወደቀ ስሙ ይሰረዛል። ሳይሊ መደመርና መቀነስ አያስፈራውም ነበር፤ የቤተ ዘመዱን ምንጣፍና ጎደሬ ሲቆጥር ነው የኖረው። ወረቀቱን ተቀብሎ ረጋ ብሎ ጀመረ። መሐል ላይ አንድ ጥያቄ አገኘ፦ መቶ ሃያ ሚሊ ሊትር ሽሮፕ ለአራት ልጆች ቢካፈል ለእያንዳንዱ ስንት ይደርሰዋል?

እርሳሱን አስቀምጦ አሰበ። አራት ልጆች፤ እነማን? አራት ልጅ እኩል የሆነበት ቤት አይቶ አያውቅም። ታላቁ ውሃ የሚቀዳ፣ እንጨት የሚሸከም ነው። ታናሹ ገና እየዳኸ ነው። ለታላቁ አርባ አምስት፣ ለተከታዩ ሠላሳ አምስት፣ ለሦስተኛው ሃያ አምስት፣ ለታናሹ አሥራ አምስት ብሎ ጻፈ። ደመረው፤ መቶ ሃያ ሆነ። አንዲት ጠብታ አልባከነችም። ከሁሉም መልሶቹ የኮራው በዚህኛው ነበር።

ወረቀቱ ሲመለስ ያንኑ መልስ ቀይ መስመር አቋርጦት ነበር። አጠገቡ የተቀመጠችው ሌይቱ፣ ገና ከትምህርት ቤት የወጣች ቀልደኛ ልጅ፣ አንገቷን አስግጋ አየችና ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ጋሼ፣ ለትንሹ ምነው የአሳማውን ጆሮ ብቻ ሰጠኸው?» አለችው። ከሰዓት በኋላ ክፍሉ በሙሉ ጋሼ ሽንጥ እያለ ይጠራው ነበር።

የሆስፒታሉ አስተዳዳሪ ቢሯቸው አስጠሩት። ቦርጫቸው የወጣ፣ ክፉ ያልሆኑ ሰው ናቸው። ትከሻው ጠንካራ እንደሆነ፣ ሒሳብ የማይጠይቅ ሥራም እንዳለ ነገሩት፤ የበሽተኛ አልጋ መግፋት፣ በትርፍ ጊዜ የግቢውን ሣር ማጨድ። በዕድሜው ሁለተኛ ጊዜ ወድቆ መዋረድ ለምን ያስፈልጋል ሲሉም ጠየቁት።

«አልጋ መግፋት ነውር የለበትም» አለ ሳይሊ። «ግን እኔ ለዚያ አልመጣሁም።»

«ካልሆነልህስ?»

«ካልሆነልኝ ወደ አሳማዬ እመለሳለሁ። የእርስዎን ሣር ግን አላጭድም።»

ከቢሮው እንደወጣ በቀጥታ ወደ መምህርቷ ሄደ። ፌቱአኦ ትባላለች፤ አንድ ነገር ሳትጨርስ ሌላ የማትጀምር ወጣት ነርስ ናት፤ እዚያው ሳቫይኢ ደሴት ላይ ተወልዳ ባሕር ማዶ በዋና ከተማው በአፒያ የተማረች። ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋላት።

«መምህርት፣ ይኼ ምኑ ላይ ነው የተሳሳተው?»

«ማካፈል ሲባል እኩል ነው» አለችው።

«በየት አገር?»

«እዚሁ። ወረቀት ላይ። ወረቀቱ ልጆቹን አያውቃቸውም፤ ቁጥራቸውን ብቻ ነው የሚያውቀው።»

«ለማያውቃቸው ልጆች ታዲያ መድኃኒት ምን ቆርጦት ያከፋፍላል?»

መምህርቷ ሳቀች፤ ሳቋ ግን የንቀት አልነበረም። የአባቷ ቤት ብልት አዋቂ የነበረው ወንድሟም ትምህርት ቤት ሳለ በዚሁ ጉዳይ ከመምህሩ ጋር ተጣልቶ እንደነበር ነገረችው። ከዚያ ፊቷን ኮስተር አደረገች። መድኃኒት በነፍስ ወከፍ እንደማይታደል፣ የእያንዳንዱ ሕፃን ኪሎ ተመዝኖ በክብደቱ ልክ እንደሚሰጥ አስረዳችው። ያ ግን ቀጣዩ ደረጃ ነው። እኩል ማካፈልን ያልቻለ ለአንድ ኪሎ የሚደርሰውን ሊያወጣ አይችልም፤ ያንን ያላወጣ ደግሞ ለስምንት ኪሎውም ለሃያ ኪሎውም አያውቅም። «እርስዎ ጣሪያውን አይተውታል» አለችው። «የጎደለዎት መሰላሉ ነው።»

ሳይሊ ንግግሯን ወደደው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከክፍል በኋላ የመጨረሻው አውቶቡስ እስኪነሣ ድረስ አስተማረችው። ቤቱ ሲመለስ ፍሬው እንደ ዳቦ ከሚበላው የዳቦ ዛፍ ሥር የኮኮናት ቅል ይደረድርና፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ውሃ እየሳበ እኩል እኩል ያካፍላል። እጁ አመፀበት። የመጀመሪያው ቅል ላይ ሲደርስ ሳያስበው ትንሽ ይጨምራል፤ የመጨረሻው ላይ ይቆነጥራል። እየደፋ እንደገና ጀመረ። በመንገድ የሚያልፉ ሰዎች ሳይሊ እኮ የውሃ ድግስ ደግሷል እያሉ አላገጡበት። እሱም ኑና ድርሻችሁን ውሰዱ፣ ዛሬ ለአለቃም ለውሻም እኩል ነው ይላቸዋል።

ከሁሉ የከበደው ነጥብ ነበር። ከነጥብ በኋላ የምትመጣ አምስት ግማሽ ናት፤ ነጥቧ ከዓይን ከጠፋች ግን አምስት ሙሉ ትሆናለች፤ ለበሽተኛው የታዘዘው አሥር እጥፍ ሆኖ ይገባለታል። ስለዚህ ከነጥቧ ፊት ሁልጊዜ ዜሮ ይጻፋል፣ ነጥቧ እንዳትጠፋ ዘብ የሚቆመው እሱ ነው ብላ ፌቱአኦ ስታስተምር፣ ሳይሊ እጁን አነሣ።

«ዜሮው ራሱ ዋጋ አለው?»

«የለውም።»

«እሱ ባይኖርስ?»

«ሰው ሊሞት ይችላል።»

ሳይሊ ራሱን ነቀነቀ። አለቃ ብቻውን መንገድ አይወጣም፤ ከፊቱ ማዕረግ የሌለው ሰው ይሄዳል፣ ጥርጊያውን ያያል፣ መምጣቱን ይናገራል። ያንን ሰው ማንም አይቆጥረውም። አጎቱ በአለቆቹ ፊት የወረወሩበት ስድብ ትዝ አለውና ፈገግ አለ። ከዚያ ወዲያ ዜሮ መጻፍ አንድም ቀን አልረሳም።

ሁለተኛው ፈተና ዓርብ ዕለት ሆነ። በዚያው ዓርብ ደግሞ የአጎቱ ልጅ ማዕረግ የሚቀበልበት ድግስ ተቆረጠ። ከየመንደሩ አፈ ጉባኤ ሁሉ ይመጣል፤ አሳማው ብዙ ነው። ቱይሎማ አስጠርተውት ቢላዋው ያንተ ነው አሉት። ሳይሊ ፈተና እንዳለበት ጎንበስ ብሎ ተናገረ። ፈተናው ይጠብቅሃል አሉት።

«አይጠብቀኝም፣ አባቴ። የመጨረሻዬ ነው።»

«እምቢ ማለትህ ነው?»

«እምቢ ማለቴ ነው።»

አፈ ጉባኤው ማራገቢያውን መወዝወዝ አቆመ። ቱይሎማ የእህቴ ልጅ ባትሆን ኖሮ ዛሬውኑ ከዚህ መሬት ትነቀል ነበር አሉ። ሳይሊ እግሩን አጣጥፎ እንደተቀመጠ ቀና አለ።

«የሥልጣን መንገዱ አገልግሎት ነው ብለው ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። እኔ ከመንገዱ አልወጣሁም። የማገለግለውን ሰው ነው ያበዛሁት። ብልቱን ከእኔ ጋር እሳት የሚያነደው ማሎ ያውቃል፤ እኔ ነኝ ያስተማርኩት።»

ይዞት የመጣውን ቢላዋ በቅጠል እንደተጠቀለለ ምንጣፉ ዳር አስቀመጠና፣ እንደ ሥርዓቱ ጎንበስ ብሎ ወጣ።

ዓርብ ጠዋት አውቶቡሱ በመንደሩ ሲያልፍ የምድጃው ጢስ እየተነሣ ነበር። ሳይሊ ወደዚያ አልዞረም። ፈተናው ላይ ሁለት ወንድማማቾች ቀረቡለት፤ አንዱ ስምንት ኪሎ፣ ሌላው ሃያ። ለታናሹ አምስት ሚሊ ሊትር፣ ለታላቁ አሥራ ሁለት ነጥብ አምስት ብሎ አወጣ፤ እንደገና ሠርቶ አረጋገጠ። ይህኛው ጥያቄ ሰው ያውቃል ሲል በልቡ አመሰገነው። ገጹን ሲገልጥ ግን ያ የድሮ ጠላቱ ቁጥሩን ለውጦ ተቀምጧል፦ አንድ ሊትር የተቅማጥ መድኃኒት ውሃ ለአምስት ልጆች ቢካፈል ለእያንዳንዱ ስንት ይደርሰዋል?

ሁለት መቶ ሚሊ ሊትር ብሎ ጻፈ። ትክክል መሆኑን ያውቃል። እጁ ግን ከወረቀቱ አልነሣም አለ። ከመልሱ ሥር በጥንቃቄ አንድ መስመር ጨመረ፦ «እኔ ብሆን ግን አስቀድሜ ልጆቹ እነማን ናቸው ብዬ እጠይቃለሁ።»

ፌቱአኦ ወረቀቱን ስትቀበለው ቆማ አነበበች። ሌሎቹ እስኪወጡ ጠበቀችና ላጲሷን ዘረጋችለት። ወረቀቱ አፒያ ሄዶ እንደሚታይ፣ እዚያ ያሉት ፈታኞች ድፍረት አድርገው ሊወስዱበት እንደሚችሉ፣ በዚህ ሰበብ ከተጣለ እሷም ልትረዳው እንደማትችል ነገረችው። ልመና ነበር የምትለምነው።

«መልሱ ልክ ነው?» አላት።

«ልክ ነው።»

«እንግዲያው መልሱ የእነሱ ነው። መስመሩ የኔ ነው።»

«በአንዲት መስመር ሁሉንም ሊያጡ ይችላሉ እኮ።»

«አውቃለሁ፣ መምህርት። አርባ ዓመት ሙሉ ካልተጠየቅሁ አልናገርም ነበር። ዛሬ የተጠየቅሁ መስሎኛል።»

ላጲሱን መልሳ ኪሷ ከተተች።

ማታ መንደሩ ሲደርስ እንግዶቹ ተበትነዋል። ቱይሎማ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። ማሎ አላሳፈረንም፣ ጎድኑን ግን አጣሞ ነው የቆረጠው፣ ደግመህ አሳየው አሉት። ስለ ፈተናው አልጠየቁም። ድርሻው በቅጠል ተጠቅልሎ ከወጥ ቤቱ ምሰሶ ተሰቅሏል። ፈታው፤ እንደ ወትሮው ከጭንቅላቱ የተቆረጠ ነው። ተቀምጦ አጣጥሞ በላው። ድርሻውን ንቆም ሌላ ተመኝቶም አያውቅም።

ውጤቱ ከአፒያ በጀልባ ተሻግሮ ሲመጣ ሌይቱ ከሁሉ ቀድማ ደረሰችበትና ወረቀቱን ከእጁ ልትነጥቀው ምንም አልቀራት። ሁሉም መልስ ትክክል ተብሏል፤ ከላይ አልፏል የሚል ማኅተም አለበት። የእሱን መስመር ግን አንድ ሰው በቀይ ቀለም ከዳር እስከ ዳር ሰርዞታል፤ እስክሪብቶውን አጥብቆ ከመጫኑ የተነሣ ወረቀቱ ሊቀደድ ደርሷል።

«ወይኔ ጋሼ ሽንጥ» አለች ሌይቱ፣ ከልቧ አዝና። «ሰረዙብህ።»

ሳይሊ ወረቀቱን አጣጥፎ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ አስገባ።

«ይሰርዙት» አላት። «ለመሰረዝም እኮ ማንበብ ግድ ነው።»