የሰሌዳው ቀኝ ጥግ

ከእኔ ክፍል አጠገብ የምታስተምረውን የሳይንስ መምህርት ማንም በስሟ አይጠራትም፤ «እትዬ ዓላማ» ነው የምንላት። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ምን ላድርግ? ስብሰባ ላይ ስለ አጥር ቀለም ሲወራ እንኳ እጇን አውጥታ «ዓላማው ምንድን ነው?» ትላለች። የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ እያልኩ ስንት ጊዜ ስቄባታለሁ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ነገሩ የጀመረው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ተማሪዎቿን የካርቶን ቤት አሠርታ ለወላጆች አሳየች። በሩ የሚከፈት፣ መስኮቱ የሚዘጋ፣ ቆንጆ ሥራ! ሁላችንም አጨበጨብን። አንደኛ የወጣችውን ልጅ ጠጋ ብላ «ከዚህ ምን ተማርሽ?» አለቻት። ልጅቷ መሬት መሬት እያየች «አባቴ አናጢ ነው» አለች። እንግዶቹ ሲሄዱ መምህርቷ ካርቶኖቹ መሃል ቁጭ ብላ፣ «ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም፤ ምን እንዲችሉ እንደምፈልግ እኔም አላውቅም ነበር» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሥራዋን የምትጀምረው ከመጨረሻው ነው። መቀስና ሙጫ ሳይነካ በሰሌዳው ቀኝ ጥግ አንድ ዓረፍተ ነገር ትጽፋለች፤ ፕሮጀክቱ እስኪያልቅ ማንም አያጠፋውም። ለዚያ ዓረፍተ ነገር የማይጠቅም ነገር፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ይቀራል። ከጥጥ ደመና እንሥራ ያሏትን ልጆች ስትመልስ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ዘንድሮ የጻፈችው ይህን ነበር፦ «ተማሪው ማንኛውንም ጣሪያ አይቶ፣ ዝናብ ሲዘንብ ስንት ሊትር ውሃ እንደሚጠራቀም ያሰላል።» ልጆቹ ወር ሙሉ ሜትር እየጎተቱ ግቢውን ዞሩት፤ ዝናብ በጣሳ ለኩ። ጫጫታው ግድግዳ አልፎ እኔን አሳበደኝ። ሄጄ ዳይሬክተሩ ዘንድ ከሰስኳት። «ይሄ ጨዋታ ነው፤ ክፍለ ጊዜውን ለእኔ ስጠኝና ሒሳብ ላስጠናቸው» አልኩት። «ራስህ ፈትናቸው፤ ካልቻሉ ያንተ ነው» አለኝ።

እሷ ሰምታ አልተቆጣችም። «ደስ ይለኛል፣ ጋሼ። የፈለጉትን ልጅ ይምረጡ» አለች።

ከክፋቴ ብዛት የኋላ ወንበር ላይ የምትቀመጠውን ዝምተኛ ልጅ መረጥኩ። ሁለት ዓመት አስተምሬያት ማባዛት እንኳ አልሆነላትም፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ብዬ ትቻታለሁ። ዳይሬክተሩ በር ላይ ቆሟል።

«የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ስልሳ ካሬ ሜትር ነው» አልኳት። «ሃያ አምስት ሚሊሜትር ዘነበ። አንድ በርሜል ሁለት መቶ ሊትር ይይዛል። ስንት በርሜል እናዘጋጅ?»

ጠመኔ አላነሳችም። ወደ መስኮቱ ሄዳ ቤተ መጻሕፍቱን አየች። ጠፋት ብዬ ደስ አለኝ።

«ቲቸር፣ አሸንዳው በአንድ በኩል ብቻ ነው ያለው» አለች። «የዚያኛው ግማሽ ውሃ መሬት ላይ ነው የሚፈሰው። የምንይዘው የሠላሳ ካሬውን ነው። አንድ ሚሊሜትር በአንድ ካሬ ላይ አንድ ሊትር ነው... ሰባት መቶ ሃምሳ ሊትር። አራት በርሜል ይበቃል። አራተኛው ግን አይሞላም፤ ሃምሳ ሊትር ይጎድለዋል።»

እጄን በአፌ ጫንኩ። ኪሴ ውስጥ ያለው ወረቀት ስምንት በርሜል ይላል። ሃያ ሁለት ዓመት በዚያ ጣሪያ ሥር ሳልፍ አሸንዳውን ልብ ብዬ አላየሁትም። በሕይወቴ ብዙ ጎበዝ ተማሪ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን የገረመኝ የለም።

«እህስ?» አለ ዳይሬክተሩ።

«ክፍለ ጊዜው የእሷ ነው» አልኩ።

በማግሥቱ መቶኛ ላስተምር ገብቼ ጠመኔ ሳነሳ እጄ ራሱ ወደ ቀኝ ጥግ ሄደ። «ተማሪው» ብዬ ጻፍኩና ቆምኩ።

«ቲቸር፣ ተማሪው ምን?» አለኝ ፊት ለፊት የተቀመጠው ልጅ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሳስተምር ይህን የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። «ቆዩኝ» አልኳቸውና ጠመኔዬን እንደያዝኩ የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ።