ሁለት ዙር ለባዶ

የያዙኝ ጁባ፣ ጉዴሌ ሰፈር፣ ቤቴ በር ላይ ቁጭ ብዬ የጫማዬን ጭቃ በእንጨት ስፍቅ ነው። ዝናቡ ገና መግባቱ ነበር። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ከመኪና ወርደው በጁባ አረብኛ ሰላም አሉኝ፣ ጤናዬን ጠየቁኝ፣ የልጆቼን ደህንነት ጠየቁኝ። ከዚያ አንደኛው "ለትንሽ ጥያቄ ነው፣ አሁን ትመለሳለህ" አለ። ሁለተኛውን ጫማ እንኳ አላስጨረሱኝም።

ሰበቡን አላጣሁትም። ሎሎጎ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ቤቶች በዶዘር ሲፈርሱ በስልኬ ቀርጬ ነበር። ግድግዳው ወድቆ በሩ ብቻ የቀረ ቤት አለ፤ ባለቤቲቱ ያንን በር በቁልፍ ስትቆልፈው ይታያል። ቪዲዮውን ለጠፍኩት፣ ሰው ተቀባበለው፣ እኔም ተለቀምኩ። ይኸው ነው።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ መጋዘን የነበረ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ሽታው የፈሰሰ ናፍታና የሰው ላብ። ከበሩ በላይ እጅ የምታሾልክ ክፍተት አለች፤ ከሷ በቀር ብርሃን የሚገባበት የለም። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ሳላስበው "ኧረ ፈጣሪዬ!" አልኩ በአማርኛ። ከጥግ በኩል "ና ልጄ፣ እዚህ ጋ ቦታ አለ" የሚል ድምፅ መጣ። ጁባ ውስጥ፣ እዚያ ጉድ ውስጥ፣ አማርኛ! እንባዬ መጣ፤ ምን እደብቃለሁ።

እኔ ደቡብ ሱዳናዊ ነኝ፤ ቤተሰቦቼ ተሰደው አዲስ አበባ ነው ያደግኩት። የጠሩኝ ሽማግሌ ደግሞ ማላኪያ ገበያ ውስጥ ዱቄትና ዘይት በጅምላ የሚሸጡ ኢትዮጵያዊ ናቸው፤ ሁሉም ሐጂ ይላቸዋል። ጫካ ላሉት ዱቄት ልከሃል ተብለው ነው የገቡት። "የገዛኝ ሰው የት ወስዶ እንደሚያቦካው እኔ በምን አውቄ?" ይላሉ፣ እስር ቤት ሳይሆን ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ከደንበኛ ጋር የሚከራከሩ ነው የሚመስሉት። ሰሌናቸውን ለሁለት ከፈሉልኝ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጎን ለጎን ነበር የምንተኛው።

አመሻሽ ላይ፣ ሁልጊዜ ሳይሆን አንዳንድ ቀን፣ ነጭ መኪና ትመጣለች። አንድ በር ይከፈታል፣ አንድ ሰው ይጠራል። "ዝውውር ነው" ይባላል። ወዴት እንደሚዘዋወሩ ተመልሶ የነገረን ግን አልነበረም። ስለዚህ ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ወሬያችን እየሳሳ ይሄድና ሁላችንም ጆሯችንን በሩ ላይ እንጥላለን።

የቦታው ኃላፊም እንደኔው ኢትዮጵያ፣ የስደተኞች ካምፕ ያደገ ነው። አማርኛው ከኔ ይጠራል። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም። ሰው ወደ መኪናዋ ሲያስገባ ትከሻውን ቸብ ቸብ አድርጎ "አይዞህ" ይለዋል። እናቴ ስታባብለኝ የምትለኝ ቃል ነች፤ ከሱ አፍ ስትወጣ ግን ሰውነቴን ይወርረኝ ነበር።

በረንዳው ላይ ቴሌቪዥን አለው። የእግር ኳሱ ቻናል ተቋርጦበት በዚያ ሰሞን የሚመጣለት ቴኒስ ብቻ ነበር፤ ከአራቱ ትልልቅ ዋንጫዎች አንዱ፣ ቀይ አፈር ላይ የሚካሄደው። ቅዳሜ የሴቶቹን ፍጻሜ አየ። እኛ በክፍተቷ የሚገባውን ድምፅ ብቻ ነው የምንሰማው፤ ቷ፣ ቷ፣ ዝምታ፣ ጭብጨባ፣ ከዚያ ዳኛው ነጥቡን ሲናገር። እኔ እየሰማሁ ለክፍሉ ሰው አስረዳለሁ። ጠባቂው ሰምቶኝ ኖሯል፤ እሁድ ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተና "ያ ቴኒስ የሚያውቀው ይውጣ" ተባለ።

የወንዶቹ ፍጻሜ ሊጀመር ነው። ኃላፊው ወንበሩ አጠገብ መሬት ላይ አስቀመጠኝ። ግቢው የበሰበሰ ማንጎ ይሸታል። ጄኔሬተሩ ያጓራል፤ አንድ ወታደር በየጊዜው እየሄደ ነዳጁን በእንጨት ይለካል።

"ይሄን አሥራ አምስት፣ ሠላሳ የሚሉትን አስረዳኝ እስቲ" አለ። "ከሠላሳ በኋላ ለምን አርባ አምስት አይሉም?"

"እኔም አላውቅም አለቃ። ብቻ እንዲያ ነው የሚሉት።"

ሳቀ። "ለማን ነህ?"

"ለልጁ።"

ልጁ በማጣሪያ የገባ ነው። ከዚያ ሳምንት በፊት ስሙን የሚያውቅ አልነበረም፤ የለበሰው ካናቴራ እንኳ የሰፋው ይመስላል። ፊት ለፊቱ የቆመው ዋንጫውን ደጋግሞ የወሰደ፣ ሲራመድ ሜዳውን የገዛው የሚመስል ሻምፒዮን ነው።

"ይሄን ሕፃን? ቁርስ ነው የሚያደርገው" አለ ኃላፊው። "እኔ የሚያሸንፈውን ነው የምወደው። ምን ሆነህ ነው ለሚሸነፍ የምታጨበጭብ?"

እኔ መቼም አፌ አያርፍም። ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ የቴኒስ ሜዳ ኳስ እለቅም እንደነበር ነገርኩት። እኛ ኳስ ለቃሚዎች የራሳችን ወግ ነበረን። እየተሸነፈ ላለው ደህናውን ኳስ መርጠን፣ አፈሩን በሱሪያችን ጠርገን እናቀብለዋለን። ለሚያሸንፈው ደግሞ የላላውን። ማንም አላዘዘን፣ ማንም አይቶን አያውቅም፤ ከእጃችን የሚመጣው ያችው ብቻ ስለነበረች ነው።

ኃላፊው ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ አንስቶ ረጋ ብሎ አየኝ። "አየህ" አለኝ፣ "የናንተ ችግር ይሄ ነው።"

ዓይኔን ወደ ኳሱ መለስኩ። እሱ ግን ጨዋታ አማረው። "ያ አማርኛ የምታወሩት ሽማግሌ፣ ዱቄት ሻጩ፣ ዛሬ መኪናዋ ለሱ ነው የምትመጣው። በል እንወራረድ። ልጅህ ካሸነፈ ሽማግሌው ይቆያል።"

ወታደሮቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ያ ሳቅ ከየት እንደመጣልኝ ዛሬም አላውቅም። ይቀልድ ይሆን? ፊቱን ሰረቅ አድርጌ አየሁት፤ እግሩን ዘርግቶ ኦቾሎኒ ይፈለፍላል። ሰውዬው ቁም ነገር ሲያወራም ሲቀልድም ፊቱ አንድ ነው።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ጨዋታ ጨዋታ አልለውም። ልጁ ኳስ መረብ ላይ ባጣበቀ ቁጥር ዓይኔ ወደ ግቢው በር ይሄዳል። "በርታ፣ በርታ የኔ ጌታ" እላለሁ በልቤ። ሻምፒዮኑ ከጥግ ጥግ ያስሮጠዋል፤ ልጁ አፈሩ ላይ እየተንሸራተተ ይደርስና ይመልሳል፣ ይደርስና ይመልሳል። የመጀመሪያውን ዙር ለጥቂት ወሰደ። ሁለተኛውንም ወሰደ! ሕዝቡ ብድግ ብሎ ጮኸ። ሁለት ዙር ለባዶ።

ሴቶቹ ሁለት ዙር ያሸነፈች ጨረሰች ማለት ነው። ወንዶቹ ግን በነዚህ ትልልቅ ዋንጫዎች ሦስት ማሸነፍ አለባቸው። ይህን እኔ አውቃለሁ። ኃላፊው ደግሞ ያየው የቅዳሜውን የሴቶቹን ብቻ ነው።

ሻምፒዮኑ ቦርሳውን ትከሻው ላይ ጣለና ራሱን ደፍቶ ከሜዳው ወጣ። ልብስ ሊቀይር ነው፤ በዙር መሃል ይፈቀዳል። ልጁ ፎጣውን ፊቱ ላይ ጣል አድርጎ ተቀምጧል። ወታደሩ ከጄኔሬተሩ ጋ ሆኖ ነዳጁ እያለቀ እንደሆነ ተናገረ።

ኃላፊው ቴሌቪዥኑን አየ፣ እኔን አየ። "ኸላስ?" አለኝ። ጁባ ውስጥ ሁሉም ሰው ለሁሉም ነገር የሚላት ናት፤ አለቀ ወይ ማለቱ ነው።

ሻምፒዮኑ ብቅ ቢል፣ ዳኛው "ሦስተኛ ዙር" ቢል፣ አለቀልኝ። ግን ሐጂን አሰብኩ።

"ኸላስ አለቃ" አልኩ። "ልጁ አሸነፈ።"

"ወይ ጉድ!" አለና ጭኑን መታ። ከዚያ ለወታደሩ በእጁ ምልክት ሰጠው፤ ጄኔሬተሩ ተንተፋትፎ ጠፋ። ስክሪኑ ሲጠቁር ልጁ ፎጣውን ገና ከፊቱ ላይ እያነሳ ነበር።

ወደ ክፍሉ ስገባ ሐጂ ለአስር ሰላት ተነስተው ነበር። ሲጨርሱ ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ታዲያ ያ ልጅ አሸነፈ?"

"ገና እየተጫወቱ ነው ሐጂ። አልተጨረሰም።"

"አንተስ ምን አልከው?"

"አለቀ አልኩት።"

ወደ በሩ ዞር ብለው አዩ። "ቢያውቅ ይገድልሃል እኮ" አሉ። ከዚያ እጄን ያዙ። "እንግዲህ አላህ በሰላም ያስጨርሰው።"

ሁለታችንም ግድግዳውን ተደግፈን ቁጭ አልን። እኔ በዝምታው ውስጥ ጨዋታውን ቀጠልኩ። አሁን ኳሱን የሚያስጀምረው ልጁ ነው። አሁን ሻምፒዮኑ ነቅቷል። አንድ ዙር ብቻ፣ አንድ ዙር ብትጨምር፣ ውሸቴ እውነት ሆነ! ለአንድ ሰው በሕይወቴ እንደዚያ ለምኜ አላውቅም፤ ያውም ፍጻሜውን ማየት በማልችለው ጨዋታ።

ሊመሽ ሲል መኪናዋ መጣች። የጎማዋን ድምፅ ጭቃው ላይ ሰማነው። እርምጃ መጣ፣ ቁልፍ ተንቀጫቀጨ፣ የኛው በር ተከፈተ። ባትሪ አብርተው ሐጂ ፊት ላይ አደረጉ። ሐጂ ተነስተው ቆሙ፤ ኩፊያቸውን አስተካከሉ።

"ቁጭ በል ሽማግሌ" አለ ኃላፊው። "አንድ ሕፃን አዳነህ።"

በሩ ተዘጋ። ሐጂ "አልሐምዱ" ብለው ሳይጨርሱ የጎረቤት ክፍል በር ሲከፈት ሰማን። እዚያ ሁልጊዜ የሚያስል ሰው ነበር፤ መልኩን አይተነው አናውቅም። እየሳለ ወጣ፣ እየሳለ በበራችን አለፈ። ኃላፊው "አይዞህ" ሲለው ሰማን። የመኪናዋ በር ተዘጋ።

ሐጂ "ሊላህ" የምትለውን ሳይጨርሷት ቀሩ።

ጠዋት ሁላችንንም ግቢ አወጡን። ኃላፊው ስልኩን በእጁ ይዟል። "ሻምፒዮኑ በአምስት ዙር አሸንፏል" አለ፣ እንደ ወትሮው ድምፁን ሳያነሳ። ብታምኑም ባታምኑም በመጀመሪያ የመጣብኝ ለልጁ ማዘን ነው። እዚያ ቦታ፣ በዚያ ሰዓት፣ ለልጁ አዘንኩ!

"ና እዚህ ቁም" አለኝ። "ተንበርከክና ማን እንዳሸነፈ ለሰዎቹ ንገር። ዋሽቻለሁ በል።"

ሐጂን አየኋቸው፤ ባዶ እግራቸውን ጭቃው ላይ ቆመዋል። ብንበረከክ ይቀለኝ ነበር። ቆሜ ቀረሁ።

"አለቃ" አልኩት፣ "ጄኔሬተሩን እስክታጠፉት ድረስ ያሸነፈው ልጁ ነው።"

አንድ ወታደር ሳቁ አመለጠው። ከዚያ በኋላ የሆነውን የግራ ትከሻዬ ያውቃል፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ዛሬም ያወራልኛል።

እኔ መሬት ላይ እያለሁ የውሃ ቦቴ ጡሩንባ ነፋና የግቢው ትልቁ በር ተከፈተ። ውጭ፣ ምግብ በፌስታል ይዘው ከሚቆሙት ሴቶች መሃል የሐጂ ባለቤት ነበሩ። በየጠዋቱ እየመጡ "እንዲህ ያለ ሰው እዚህ የለም" ተብለው የሚመለሱ ሴት ናቸው። ባላቸውን በእግራቸው ቆመው አዩአቸው። በሙሉ ስማቸው፣ ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው ጠሩአቸው፤ መንገደኛው ሁሉ ቆመ። "የለም አላችሁኝ! ይኸው! ይኸው አላህ አሳየኝ!" ሐጂ እጃቸውን አነሱ። ጠባቂዎቹ በሩን ለመዝጋት ተሯሯጡ፤ ቦቴው ግን ግማሹ ገብቶ ግማሹ ውጭ ነበር።

ስንት ሰው ያየውን ሰው ማጥፋት ይከብዳል። ሐጂን ስም መዝግቦ ጠያቂ ወደሚያስገባ እስር ቤት አዛወሩአቸው፣ ቆይተውም ተፈቱ። እኔም እንደ ገባሁ ያለ ምንም ፍርድ ወጣሁ።

አሁን ጉዴሌ ነው ያለሁት፣ ሐጂም ማላኪያ ሱቃቸው ውስጥ ናቸው። ትልልቆቹ ዋንጫዎች በመጡ ቁጥር በስልኬ አያለሁ፤ አሁንም ለማንም ለማያውቀው ነው የምሆነው፣ አሁንም በብዛት እሸነፋለሁ። ሐጂ ራኬት በምን እጅ እንደሚያዝ አያውቁም፤ ፍጻሜ በደረሰ ቀን ግን ሳይደውሉ አይቀሩም። ባለፈው እሁድ ደወሉ።

"የኛው እንዴት ነው?"

"እየመራ ነው ሐጂ። ሁለት ዙር ለባዶ።"

"አለቀ ማለት ነው?"

"ኧረ ሦስት ነው የሚያስፈልገው፤ ስንቴ ነገርኩዎት!"

"እሱንማ አውቃለሁ ልጄ። አንተ ግን በለኝ።"

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። "ኸላስ ሐጂ። ልጁ አሸነፈ።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ። ከዚያ ስልኩን አልዘጉም፤ እኔም አልዘጋሁም። ስለዚያ ስለሚያስለው ጎረቤታችን አንድም ቀን አውርተን አናውቅም። ስሙን አናውቅ፣ ምን ብለን እንጀምር? ስልኩን ጆሯችን ላይ እንዳደረግን ቆየን፣ እሳቸው ማላኪያ፣ እኔ ጉዴሌ፣ እየሳለ በበራችን ሲያልፍ እየሰማነው።